ቀኑ በማን እጅ ነበር?

ከባቲ፣ ከሰንበቴና ከጨፋ ሮቢት ድረስ ወደ ከሚሴ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች አላችሁና በመግቢያ ብዛት አላደክማችሁም። በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ልጀምር።

እህቴ ሪያድ ነች። የሰው ቤት ትሠራለች። ገንዘብ ወደምትልክበት ቢሮ የምትሄደው አሠሪዎቿ በፈቀዱላት ቀን እንጂ እሷ በፈለገችው ቀን አይደለም። እኔ ደግሞ ከአንድ ባንክ ከወለድ ነፃ መስኮት በሙራባሃ፣ ማለትም ባንኩ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ በሚሸጥበት ውል፣ ወፍጮ ወስጄ በየሦስት ወሩ እከፍላለሁ። አንድ ሰሞን እጄ አጠረና ነገርኳት። ሐሙስ ማታ ላከች። የመክፈያ ቀኔ ሰኞ ነበር፤ አራት ቀን አለኝ ብዬ በሰላም ተኛሁ። ገንዘቡ ሒሳቤ ላይ የገባው ግን በተላከ በ11ኛው ቀን፣ በቀጣዩ ሰኞ ነው። ሰባት ቀን አሳልፈሃል ተብዬ በቀን 50 ብር፣ በድምሩ 350 ብር ቅጣት ተቆረጠብኝ።

ጠየቅሁ፤ 300 ብር ተመለሰልኝ። ለምን 300 ሆነ፣ ለምን 350 አልሆነም? ዛሬ የምናገረው በዚህች 50 ብር ልዩነት ዙሪያ ነው።

ያኔ አንድ ወዳጄ «ለ350 ብር ነው ይህን ያህል የምትመላለሰው?» ብሎኝ ነበር። የወዳጅ ጥያቄ ነው፤ አልተቀየምኩትም። ግን 350 ብር እህቴ ምን ያህል ሰዓት ቆማ እንደምታገኘው አውቃለሁ። ደግሞ ነገሩ በብሩ ብቻ አያበቃም። ባንኮች የተበዳሪውን ታሪክ በብሔራዊ ባንክ ለሚገኘው የብድር መረጃ ማዕከል ያሳውቃሉ። ነገ ወፍጮዬን ላሰፋ ብል፣ ሌላው ባንክ የሚያየው ያንን ታሪክ ነው። ያላዘገየሁትን አዘገየ ተብሎ እንዲጻፍብኝ አልፈልግም።

እስቲ ቀኖቹን አብረን እንቁጠራቸው። ሐሙስ ማታ ተላከ። የሳዑዲ የሳምንት ዕረፍት ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ በፊት ሐሙስና ዓርብ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ቀን እዚያው አለፈ። እሑድ እነሱ ሥራ ሲገቡ እኛ ዕረፍት ላይ ነን። ዶላሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው ደግሞ ኒውዮርክ ባለ አገናኝ ባንክ በኩል ነው፤ እዚያም ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ሰኞ ኒውዮርክ በሩን ሲከፍት ከሚሴ ያለው ባንክ በሩን ሊዘጋ ተቃርቧል። ማክሰኞ ገንዘቡ አዲስ አበባ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልበደለኝም። ቀን መቁጠሪያው እንዲህ ነው፤ ሐሙስ ማታ የተላከ ገንዘብ ሰኞ ይደርሳል ብዬ የተማመንኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ቢገባልኝ ኖሮ የማሳልፈው አንድ ቀን ነበር። የዚያን ቀን 50 ብር ያልጠየቅሁት ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ቀናት ግን ሌላ ናቸው። የባንክ ሠራተኞች «ሰስፔንስ» የሚሉት ሒሳብ አለ፤ ባለቤቱ ያልተለየ ገንዘብ እስኪጣራ የሚያርፍበት ነው። የእኔ ገንዘብ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ምክንያቱ የስሜ አጻጻፍ ነው።

ይህ የስም ነገር እዚህ ዞን ያለን ሰዎች ሁሉ ጣጣ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ስማችን ከቤታችን ሲወጣ ሦስት ፊደል ይለብሳል። መታወቂያችን ላይ በአንድ ዓይነት ይጻፋል። ፓስፖርት ላይ ጸሐፊው እንደሰማው በላቲን ፊደል ይሰፍራል። ሳዑዲ ሲደርስ ከላቲን ወደ ዓረብኛ ይገለበጣል፤ ገንዘብ ሲላክ እንደገና ከዓረብኛ ወደ ላቲን ይመለሳል። ሰይድ የሚለውን ስም አስቡት። እኛ ሰይድ ስንል አንድ ስም ነው። ዓረቡ ግን ሰይድና ሰዒድ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው ይላል፤ እውነቱን ነው። በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲመጣ ደግሞ የቱ እንደሆነ አይለይም። መሐመድን ስንት ዓይነት አድርገው ሲጽፉት አይተናል? ከድጃን፣ ዘይነብን፣ ሐሊማን? በዚህ ላይ ሁለት ስም ብቻ ተልኮ የባንክ ደብተሩ ሦስት ስም ሲይዝ ማሽኑ «አላውቀውም» ይላል።

ሌላም የሚያስቆም ነገር አለ። በዓለም ላይ ያሉ ባንኮች በእጃቸው የሚያልፈውን ስም ሁሉ ከማዕቀብ ዝርዝሮች ጋር ያስተያያሉ። መሐመድ አሕመድ የሚባል ሰው በየአገሩ አለ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ አንድ ስም ጋር መመሳሰሉ አይቀርም። ያን ጊዜ ሰው በዓይኑ አይቶ እስኪለቀው ድረስ ክፍያው ይቆማል። እዚህ ያለችው እናት ልጄ ረሳኝ ብላ ታለቅሳለች፤ ልጁ ደግሞ ልኬያለሁ ብሎ በስልክ ይምላል። በአንድ ፊደል ምክንያት በእናትና በልጅ መካከል ቅያሜ ሲገባ አይቻለሁ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ማሽኑ በስሙ መለያየት ማቆሙ ትክክል ነው። ገንዘቤ ለሌላ ሰው ከሚገባ ቢቆምልኝ እመርጣለሁ። ያልተገባው ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። የሒሳብ ቁጥሬ ትክክል ነበር፤ ስልኬ መዝገባቸው ላይ አለ። ማክሰኞ አንድ ሰው ቢደውልልኝ ረቡዕ መታወቂያዬን ይዤ እገኝ ነበር። ስድስት ቀን ማንም አልደወለም።

ቅርንጫፉ ስሄድ መጀመሪያ የተሰጠኝ መልስ «ሲስተም ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚህ መልስ ጋር መከራከር ከንቱ ነው፤ ሲስተሙን ግን መጠየቅ ይቻላል፤ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቀንና ሰዓት ተጽፎበታልና። እኔም «እሺ፣ ገንዘቡ እናንተ ጋ የገባው በየትኛው ቀን ነው? ሒሳቤ ላይ የገባውስ በየትኛው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቷ ስክሪኗን አይታ ሁለቱንም ቀን ነገረችኝ። ነገሩ ግማሽ በግማሽ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥላ ግን ያልጠበቅሁትን አነሳች። «ጋሼ፣ ከወለድ ነፃ ስለሆነ እኮ ቅጣቱን ባንኩ አይወስደውም፤ ለበጎ አድራጎት ነው የሚሄደው» አለችኝ። በቅንነት ነው ያለችው። እውነትም ከወለድ ነፃ በሆነ አሠራር የመዘግየት ቅጣት የባንኩ ትርፍ እንዳይሆን ተደርጎ ለበጎ ሥራ ይውላል። ልቤ ለአፍታ ተከፈለ፤ ለድሃ የሚሄድ ብር አስመልሳለሁ ወይ ብዬ። ቤቴ ሄጄ አሰብኩበት። ሶደቃ ሰው ወዶ የሚሰጠው ነው። ቅጣቱ የተደነገገው ደግሞ እያለው ዕዳውን የሚያጓትተውን ሰው ለመገሠጽ ነው። እኔ አላጓተትኩም፤ ገንዘቤ በእነሱ እጅ ነበር። ከእኔ ያለ ጥፋቴ ተወስዶ የሚሰጥ ምጽዋት ለሰጪውም ለተቀባዩም በረካ የለውም ብዬ አመንኩ። እዚህ ያሉ ዑለማዎች ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ።

ገንዘብ መላክን ሐዋላ የምንልበት ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነው። በፊቅህ፣ በእስልምና ሕግ፣ ሐዋላ ማለት ዕዳን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ ማዛወር ነው። በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ስለ ሐዋላ የሚናገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ፤ እዚያ የሰፈረው ሐዲስ ያለው ሰው ዕዳውን ማጓተቱን ከግፍ ይቆጥረዋል። መዘግየትና ሐዋላ በአንድ ቦታ መነሣታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ በተሻገረ ቁጥር ኃላፊነቱም አብሮ ይሻገራል። ሐሙስ ማታ እህቴ እጅ ነበር፤ ከዚያ የላኪው ባንክ፣ ከዚያ የአገናኙ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ የእኔ ባንክ። እያንዳንዱ ቀን ባለቤት አለው።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2162 ላይ በሌላው ሀብት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ በቁጥር 2164 ደግሞ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ሕግ ለማን እንደሚሠራ በዓይናችን አይተናል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት አስታወቀ። ወዲያው ገንዘቡን መልሱ አለ፤ ያልመለሱትን ስም ዝርዝር ይፋ አደረገ፤ አብዛኛውንም አስመለሰ። ትክክል ነበር፤ የእነሱ ያልሆነ ገንዘብ ነው የወሰዱት። ያኔ «ሲስተም ነው» የሚለው ቃል ገንዘቡን ለወሰደው ሰው ማምለጫ አልሆነለትም። ለባንክም ማምለጫ ሊሆን አይገባም። ሕጉ በመስኮቱ በሁለቱም በኩል አንድ ነው።

ከዚህ በላይ ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤፍሲፒ/01/2020 የተባለ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አለ። ባንኮች የሚያስከፍሉትን አስቀድመው በግልጽ እንዲያሳውቁ፣ ቅሬታ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። በባንኩ መልስ ያልረካ ሰው ጉዳዩን ወደ ብሔራዊ ባንክ ማድረስ ይችላል። ስለዚህ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም። ይህን የምለው ሥራ አስኪያጆችን ለማስፈራራት አይደለም፤ እኔ ያገኘሁት ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤዬን አንብቦ በትሕትና ነው ያስተናገደኝ።

ደብዳቤ አልኩ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ነፋስ ይወስደዋል። እኔ የጻፍኩት አምስት መስመር ነው፤ እንዲህ ይላል፦ «ከሪያድ የተላከልኝ ገንዘብ በዚህ ቀን ባንካችሁ ገብቶ በዚህ ቀን ሒሳቤ ላይ ተመዝግቧል። በመካከሉ ባሉት 6 ቀናት ምክንያት የክፍያ ጊዜዬ አልፎ የተቆረጠብኝ 300 ብር እንዲመለስልኝ፣ በብድር መረጃዬ ላይ የመዘግየት ምልክት ተመዝግቦ ከሆነም እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ። የአንዱ ቀን 50 ብር የራሴ ስለሆነ አልጠይቅም።» ከሥሩ የላኪዋን ደረሰኝና ስቴትመንቴን አያያዝኩ። ሁለት ቅጂ ይዤ ሄድኩ፤ አንዱን ሰጥቼ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመታሁ። ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉ የበለጠ እንደሠራች አምናለሁ። የራሱን ቀን አምኖ የሚቀበል ሰው የሌላውን ሲጠይቅ ይደመጣል።

ለነጋዴዎቻችን ደግሞ ለይቼ የምለው አለ። በየሰኞው ባቲ ገበያ የምትውሉ፣ ከብትና እህል ይዛችሁ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ የምትመላለሱ፣ የምትጠብቁት ገንዘብ ሒሳባችሁ ላይ ሳይገባ በእሱ ተማምናችሁ ቼክ አትጻፉ። የዘገየ ገንዘብ ለእኔ 350 ብር ነው ያስቀጣኝ፤ ለእናንተ ደረቅ ቼክ ሆኖ በ1996 ወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ሊያስጠይቅ ይችላል። ፖሊስ ጣቢያ ቆሞ «ገንዘቡ እኮ መንገድ ላይ ነው» ማለት ብዙ አይረዳም።

በአገር ውስጥ ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በምንልከው ላይም ያው ነው። ገንዘቡ ከእኛ ተቆርጦ ከወዲያኛው ሳይደርስ ሲቀር ከቀናት በኋላ ይመለሳል። ስልካችን ላይ የሚመጣውን መልእክት ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ የአገልግሎት ክፍያው ለብቻ፣ በክፍያው ላይ የታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለብቻ ይጻፋል። ዋናው ብር ሲመለስ ደስ ብሎን ዝም እንላለን። ያልተሰጠ አገልግሎት ክፍያው ከነታክሱ መመለስ አለበት። ሳንቲም ናት፤ ግን የምትጠየቅ ሳንቲም ናት።

ማንም ባለቤት የሌለው መዘግየትም አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ሲደርስ ባንክ አልነበረም፤ ስልክም አልነበረም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሰው የባንኩን መተግበሪያ ከፍቶ ሒሳቡን ማየት አልቻለም። እነዚህን ቀናት ባንኩን አልጠይቅበትም። ሕጋችን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ብሎ በቁጥር 1792 ያወቀው ነገር ነው። ግን ከአቅም በላይ የሆነው ለባንኩ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ቀን መክፈል ላልቻለው ተበዳሪም ነው። በዚያ ዘመን በቅጣት የተቆረጠባችሁ ካላችሁ፣ የዚያኑ ወቅት ስቴትመንት አስወጡ።

ቀን ዋጋ እንዳለው ከተጠራጠራችሁ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን አስታውሱ። ብር በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በዚያ ሰኞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ተሻገረ፤ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ መቶን አለፈ። ዓርብ የገባለትና ሰኞ የገባለት ሰው እኩል ዶላር ተልኮላቸው እኩል ብር አላገኙም።

አሁን ስለ ላኪዎቻችን። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን እኛ ከምናስበው በላይ መብት አላቸው፤ ብዙዎቹ አያውቁትም። በአሜሪካ ከጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የገንዘብ መላክ ደንብ አለ። ላኪው ደረሰኙ ላይ ገንዘቡ የሚደርስበት ቀን ይጻፍለታል። ከዚያ ቀን ካለፈ እንደ ስህተት ይቆጠራል፤ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ይችላል፤ ላኪው ድርጅትም በ90 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የክፍያ አገልግሎት መመሪያ፣ ክፍያን ያዘገየ ተቋም በመዘግየቱ ምክንያት ደንበኛው ላይ የመጣውን ክፍያና ወለድ ራሱ እንዲሸከም ያደርጋል። እኛ ዛሬ በልመና መልክ የምንጠይቀው ነገር እዚያ በቁጥር ተጽፏል። በሳዑዲም ማዕከላዊ ባንኩ፣ ሳማ የሚሉት፣ የደንበኞችን ቅሬታ ይቀበላል። ስለዚህ የዘገየው በዚያ በኩል ከሆነ የሚጠይቀው ላኪው ነው፤ ደውሉለትና ንገሩት። ደረሰኙንም እንዳይጥል አደራ በሉት። የዌስተርን ዩኒየን ከሆነ አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር፣ በባንክ ከሆነ የስዊፍት ኮፒው፣ ማለትም የባንኮቹ የክፍያ መልእክት ቅጂ፣ ያስፈልጋል። በስዊፍቱ ላይ 36 ምልክት የያዘ መለያ አለ፤ በእሱ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ፣ በየትኛው ቀን እንዳለፈ መከታተል ይቻላል። ቀኑ በማን እጅ እንደነበር የሚነግረን እሱ ነው።

ልጆቻችን ከመላካቸው በፊት ደግሞ የደብተራችሁን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው። ስማችሁን እንደሚያውቁት አይጻፉት፤ ፊደል በፊደል ከፎቶው ይገልብጡት፤ የአያትም ስም ይግባ። እኔና እህቴ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ እህቴም በተቻላት መጠን ሐሙስ ማታ ከመላክ ትቆጠባለች።

ባለፈው ክረምት ከዳዋ ሐረዋ አንዲት እናት ቤቴ መጡ። የሰው ቤት ሠራተኛ የሆነች ልጃቸው ከጅዳ ትልካለች። ደረሰኞቹን ሁሉ በመቀነታቸው ቋጥረው ነው ያመጡት፤ አንዳንዱ ቀለሙ ጠፍቷል። ማንበብ አይችሉም፤ ግን እያንዳንዷ ወረቀት የትኛው ወር እንደሆነች ያውቃሉ። «ይቺ የረመዳኗ ናት፤ ይቺ ላሟ የወለደች ጊዜ ናት» እያሉ ዘረጉልኝ። እኔ ከስቴትመንቱ ጋር እያስተያየሁ ቀኖቹን ጻፍኩ። አንዷ ወረቀት ላይ 19 ቀን የዘገየ ገንዘብ አገኘን። ስነግራቸው ብሩን አላነሡም። «እንግዲያ ልጄ በሰዓቱ ልካለች ማለት ነው» አሉና ዝም አሉ። ያን ወር ተቀይመዋት ነበር።

የእሳቸውን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፈን አስገብተናል፤ በአፋን ኦሮሞም ቅጂ አለው። ዛሬ ደረሰኝ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከበሩ በስተቀኝ ያለው ጠረጴዛ ጋ ሁለት የሒሳብ ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ እኔም አሁን እዚያው እወርዳለሁ። ቀለማቸው የጠፋውንም ቢሆን አምጧቸው።